ረጅሙ ሌንስ ይቆየን

ለፎቶግራፍ ልምምድ ካሜራ በሚታደልበት ጠዋት ንብረት ክፍል በር ላይ ማን ቀድሞ እንደሚሰለፍ ሁላችንም እናውቃለን። ሰልፉ ለካሜራው አይደለም፤ ያለችንን አንዲት 70-200 ሌንስ ለማግኘት ነው። የደረሰችው ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሏት ሲወጣ በቃ ጋዜጠኛ ሆነ ማለት ነው። ያልደረሰችው ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 እያጉረመረመ ይወስዳል። ሰሞኑን ደግሞ ሁለተኛ 70-200 እንዲገዛልን የሚጠይቅ ማመልከቻ ለፊርማ እየዞረ ነው። እኔ አልፈረምኩም። ለምን እንደሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ኮሪደር ላይ ቆሜ ከማስረዳ እዚህ ብጽፈው ይሻላል ብያለሁ።

ለእኔ የመንገድ ፎቶ ሌንስ ምርጫ ከሁሉ በፊት የርቀት ምርጫ ነው። በክፍላችን ኒኮኖች አንድን ሰው ከወገቡ በላይ፣ ካሜራውን አግድም ይዘን እናንሳ ብንል፣ በ35 ሚ.ሜ. ሌንስ 2 ሜትር ያህል ርቀን እንቆማለን። በ200 ሚ.ሜ. ግን ወደ 13 ሜትር መሸሽ አለብን። 2 ሜትር “እንደምን ዋሉ” የሚባልበት ርቀት ነው። 13 ሜትር የአስፋልቱ ማዶ ነው።

ባለፈው ከመርካቶ ልምምድ የመጡትን ፎቶዎች ግድግዳው ላይ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ሰውዬ የግንባሩ ላብ ሳይቀር ይታያል። ከጀርባው ያለው ግን ሁሉም ቀልጦ ቅቤ ሆኗል። መርካቶ ይሁን አዳማ በምን እንወቅ? ሌላው ፎቶ ላይ ደግሞ ሕዝቡ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረ ይመስላል። ከሩቅ ሲነሳ በሰዎች መካከል ያለው ክፍተት ይጠፋላ! በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ጊዜ የዴንማርክ ፎቶ አንሺዎች ተራርቀው የቆሙ ሰዎችን በሰፊና በረጅም ሌንስ አንስተው ጎን ለጎን አሳይተው ነበር። በአንዱ ሰዎቹ ተራርቀዋል፣ በሌላው ተጣበዋል። ሰዎቹ ያው፣ ቦታው ያው። ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

“ከቅርብ ስታነሳ ሰው ካሜራ አየሁ ብሎ ይገተራል፤ ወይ ይሰድብሃል” የሚል መልስ ይሰጠኛል። እውነት ነው፣ በተለይ ለሴት ጓደኞቻችን መንገድ ላይ መቆሙ ራሱ ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ሁለት ሦስት ሆነን መሄድ ያለብን። መገተሩን በተመለከተ ግን ቆየት ማለት ነው መፍትሔው። በመጀመሪያው ፎቶ የተገተረ ሰው በአሥረኛው ወደ ሥራው ይመለሳል። “አታንሱኝ” ካለም ብሏል፣ እናልፋለን። ከአስፋልቱ ማዶ በ200 የተነሳው ሰው ግን እምቢ የሚልበት ዕድል እንኳ አላገኘም። የኔ ቢጤውን ተኝቶ ሳለ ያነሳነው እኮ በዚያው ሌንስ ነው! ያንን ፎቶ 2 ሜትር ላይ ቆሞ የሚያነሳ ከመካከላችን ስንት ሰው አለ?

ስለ ብርሃንም ላንሳ። የኒኮን 35 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 የምትባለው ትንሽ ሌንስ 200 ግራም ብትሆን ነው። 18-55ቱ በዚያው በ35 ላይ ሲሆን ኤፍ 4.5 አካባቢ ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ ትንሿ ስድስት እጥፍ ያህል ብርሃን ታስገባለች። ጨለም ያለ ቡና ቤት ውስጥ በአንዱ ሌንስ በ1/10 ሰከንድ የምትቀዳው እጅ ተንቀጥቅጣ ስትወጣ፣ በሌላው በ1/60 ደህና ትያዛለች። ፍላሽ አያስፈልግም። ፍላሽ ከበራ ደግሞ የቡናው ወግ አበቃ።

ለምን 50 ሳይሆን 35 ለሚል፦ የካሜራዎቻችን ሴንሰር ከፊልም ስለሚያንስ ሌንሱን በ1.5 ማባዛት አለብን። 35ቱ 50 አካባቢ ይሆናል፤ ካርቲዬ-ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን የሠራበት መጠን ማለት ነው። 50ው ግን 75 ሆኖ ቁጭ ይላል። ሐረር ጀጎል ውስጥ በዚያ ጠባብ መንገድ 75 ይዞ የገባ ሰው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ግድግዳ ይመታዋል።

ጉዞ ላይ አንድ ሌንስ ብቻ ይበቃል አልልም። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሙሉውን ለማስገባት 18ቱ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያ የሚናቀው 18-55 ከቦርሳ አይውጣ። ሰሜን ተራሮች ጭላዳ ለማንሳት፣ ጎንደር በጥምቀት ከሕዝቡ ማዶ ሆኖ ታቦት ለማንሳት ረጅሙ ሌንስ ቦታ አለው። ለዚያ ያለችን አንዷ ትበቃለች፤ በዓመት ስንቴ ጭላዳ እናነሳለን?

በአዲስ 70-200 ኤፍ 2.8 ዋጋ አሥር ያህል 35 ሚ.ሜ. ሌንሶች ይገዛሉ። አንዱ ሲወስድ ሌላው ከሚያጉረመርም አሥር ሰው ባንድ ጠዋት ይዞ ይወጣል፤ ትልቁ ደግሞ ወደ ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ ከሰዓት በኋላ ትከሻ ይናገራል። ይህንኑ የሚጠይቅ ሌላ ማመልከቻ አዘጋጅቼ ማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ሰቅያለሁ። እስከ ዓርብ እዚያው ይቆያል፤ የማይስማማም ካለ ከሥሩ ምክንያቱን ቢጽፍበት ቦታ ትቻለሁ።