የተቃጠለው የዱቤ መዝገብ

በጦር ሠፈራችን ይገኝ የነበረው የመዝናኛ ክበብ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ በእሳት ጋየ። ውድ አንባብያን! ከመካከላችን ይህን ክበብ የማያውቅ የለም። ከግዳጅ የተመለሰ ወታደር የጫማውን አቧራ ሳያራግፍ ሻይ የሚጠጣበት፣ ደመወዝ በወጣ ማግሥት ቢራ የሚጠራበት፣ የእግር ኳስ ጨዋታ በሚኖርበት ምሽት ወንበር የሚያጥርበት፣ ከሌላ ክፍል የመጣ ባልደረባ ስለ ቀሩት ጓደኞቹ የሚጠየቅበት ቤት ነበር። ግድግዳው የባሕር ዛፍ ማገርና ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከተጣመመው ቆርቆሮና ከጆተኒው ብረቶች በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም።

የሰው ሕይወት አልጠፋም። ለዚህም ነቅቶ ለተገኘው የዘብ ተረኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጠላቸውን አሸርጠው፣ ከቦኖው እስከ ቃጠሎው ድረስ ተሰልፈው፣ በባልዲና በጀሪካን ውሃ ሲያቀባብሉ ላደሩት የወታደር ባለቤቶች ምስጋና ይገባቸዋል።

የቃጠሎው መነሻ በየቤታችን በየማታው የሚፈጸም ተራ ነገር ነበር። የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ከመተኛቷ በፊት የምድጃውን አመድ ጠራርጋ፣ በካርቶን አድርጋ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አስቀመጠችው። አመዱ ከላይ ቀዝቅዟል፤ ከሥሩ ግን ፍም ነበረበት። አመድ ፍምን ከአየር ስለሚሸፍነው ቀስ ብሎ እንዲነድ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። እናቶቻችን ማታ እሳት ዳፍነው ጠዋት የሚያቀጣጥሉት በዚሁ ጠባዩ ነው። የየካቲት ነፋስ አመዱን ገለጠው፤ ካርቶኑ ተያያዘ፤ ከካርቶኑ ወደ ማገሩ ተሻገረ። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ለጄኔሬተሩ የተቀመጠ የቤንዚን ጀሪካን ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል፤ ራቅ ካለ ቦታ እሳት ካገኘም ተቀጣጥሎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተነዋል።

በማግሥቱ ብዙ ጣት ወደ ሠራተኛዋ ተቀሰረ። ነገር ግን ያ ጀሪካን ከግድግዳው ሥር መቀመጡን በየቀኑ እያየን ያለፍነው እኛ ነን። አመዱን ያስቀመጠችው እርሷ ብትሆንም ጥፋቱን ለእርሷ ብቻ ማሸከም ፍትሕ አይሆንም።

በሦስተኛው ቀን ወታደሩና ቤተሰቡ ከዋርካው ሥር ለስብሰባ ተጠራ። ክበቡን መልሶ የመሥራቱ ጉዳይ ለሁሉም ግልጽ መስሎን ስለነበር፣ እንዴት ይሠራ በሚለው ላይ ብቻ የምንወያይ መስሎን ነበር። ንግግራችንንም አዘጋጅተን ነበር። በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል መቃጠሉን አስታወስን። ይህ በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ሲሆን፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያቋቋሙት ነው። በዚያ ቃጠሎ ጃዝ አምባ የተባለው የታወቀ የሙዚቃ ቤት ከነአዳራሹ ወደመ። ሆቴሉ ግን ተጠግኖ እስከ ዛሬ እንግዳ ይቀበላል። ከእርሱም በፊት በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ያቃጠሉት የአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከነጻነት በኋላ መታደሱን ጨመርን። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት ቢቃጠልም ተቃጥሎ እንደማይቀር አስረድተን ተቀመጥን። ወታደሩም አጨበጨበ።

በዚህ ጊዜ የአንድ የሃምሳ አለቃ ባለቤት ልጃቸውን እንዳዘሉ ተነሡ። «መቶ አለቃ፣ የተናገሩት መልካም ነው» አሉ። «ነገር ግን ያ ሆቴል የልጆቼን ዳቦ አልበላም። ቢራው ሲቃጠል እኛ ውሃ አቀበልን። ደመወዙ በየወሩ ሲቃጠል ግን ማን ውሃ አቀበለን?»

ከሴቶቹ ወገን ጭብጨባ አልተሰማም፤ የተሰማው ዝምታ ነበር። ያ ዝምታ ግን ለእኛ ከተሰጠው ጭብጨባ ይልቅ ከባድ ነበር። በእርግጥም በዚያ ክበብ በዱቤ ስለሚጠጣው፣ ደመወዝ በወጣ ዕለት ከኪስ ወደ መዝገብ ስለሚሄደው ገንዘብ፣ በዚህም ሳቢያ በየቤቱ ስለሚነሣው ጠብ የማናውቅ አልነበርንም። እያወቅን በዚህ ዓምድ አንድ ቀን እንኳ ጽፈን አናውቅም። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ክበቡን በኮንትራት ይዘው የሚያስተዳድሩት፣ ባለቤታቸው በግዳጅ ላይ የተሠዉ፣ ወታደሩ ሁሉ «እማማ» እያለ የሚጠራቸው እናት ናቸው። ንብረታቸው ሁሉ ነዷል። ከሁሉ የከፋው ግን የዱቤው መዝገብ አብሮ መቃጠሉ ነበር። ሁለት ወፍራም ደብተር ነበር። ማን ስንት እንዳለበት የሚታወቀው ከዚያ ብቻ ነው። ለቢራ አከፋፋዩ ያለባቸው ዕዳ ግን በአከፋፋዩ መዝገብ ስለተጻፈ አልተቃጠለም።

እኛም መፍትሔ ያልነውን ይዘን ወደ እማማ ሄድን። የክበቡ ደንበኞች በሙሉ ስማቸው ተዘርዝሮ ከደመወዛቸው እኩል እንዲቆረጥ ለማስታወቅ አስበን ነበር። እማማ ወረቀቱን ሳይቀበሉ ጠየቁን፦ «ሻይ ብቻ የሚጠጣው ልጅ ቢራ ለጠጣው ሊከፍል ነው? የእኔ ጭንቅ ሌላ ሰው ቤት ጭንቅ እንዲያስገባ አልፈልግም። ወረቀቱን መልሰው ልጄ፤ ያለበትን የሚያውቀው ባለዕዳው ነው፤ የሚፈልግ ይምጣ።»

ወረቀቱን መለስን። በምትኩ በጧቱ ሰልፍ ላይ መዝገቡ መቃጠሉን፣ ማንም እንደማይጠየቅና ማንም እንደማይመዘገብ፣ እማማ ግን ከእህላቸው መጋዘን ፊት በርጩማ ላይ እንደሚቀመጡ ብቻ ተናገርን። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው ይመጣል ብለን አልጠበቅንም። የሠለጠንነው ሰውን በትእዛዝ ለመምራት ነው፤ ያለ ትእዛዝ የሚደረገውን ለማመን ጊዜ ወሰደብን።

በመጀመሪያው ቀን የመጣው አንድ አሥር አለቃ ብቻ ነበር። «ሦስት መቶ አርባ ብር» ብሎ ግማሹን ከፈለ፤ የቀረውን ለደመወዝ ቀን ቀጠረ። በማግሥቱ አራት መጡ። በሳምንቱ መጨረሻ ከርጩማው ፊት ሰልፍ ነበር። አንዱ ወታደር የራሱን ከከፈለ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረውን የጓደኛውን ዕዳ ጠርቶ ከፈለ፤ አብረው ይጠጡ ስለነበር ልኩን ያውቃል። ባሏ በግዳጅ ላይ ያለ አንዲት ወጣት ሚስት ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ብር ይዛ መጣች። ባሏ በስልክ፣ «ሳልነግርሽ የቆየሁት ዕዳ አለብኝ፤ መጀመሪያ ክፈዪልኝ፣ ከዚያ ተቆጪኝ» ብሏት ነበር። ከፍላ ስትመለስ ፊቷ ቁጣም ኩራትም ነበረበት።

ሁሉም መጣ ብንል ግን መዋሸት ይሆናል። ያልመጡ አሉ፤ ማንነታቸውን ራሳቸው ያውቃሉ። በአንዳንድ ቤትም እስከዚያ ቀን ተደብቆ የቆየ ዕዳ ሲገለጥ ጠብ ተነሥቷል፤ ሽማግሌ የተላከበትም ቤት ነበር። ስለ ቀሩት እማማን ብንጠይቃቸው፣ «የመጣው ይበቃኛል፤ ያልመጣውን መዝገቡም ቢኖር አያመጣውም» አሉ። የተሰበሰበው ገንዘብ የአከፋፋዩን ዕዳ ዘግቶ ለምስማርና ለእንጨት መግዣ ጥቂት አተረፈ።

የሚያስደንቀው፣ የሴቶቹን ልብ ያለዘበው ይኸው ሰልፍ መሆኑ ነው። ከሳምንት በኋላ ያው የሃምሳ አለቃ ባለቤት ሌሎች አራት እናቶችን አስከትለው መጡና ክበቡ እንዲሠራ መስማማታቸውን፣ ከእቁባቸውም ለሥራው ማበደር እንደሚችሉ ገለጡልን። ነገር ግን ቃል አስገቡን። አንደኛ፣ ዱቤ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ፤ ሁለተኛ፣ ከክበቡ ኮሚቴ ሁለቱ አባላት ሴቶች እንዲሆኑ፤ ሦስተኛ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ክበቡ ለቤተሰብና ለልጆች ክፍት እንዲሆን፤ አራተኛ፣ የጀበና ቡናው ሥራ ገቢ ለሌላቸው የወታደር ሚስቶች በተራ እንዲሰጥ። አራቱም በኮሚቴው ተፈረሙ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ ሥራው በደቦ ተጀመረ። ወታደሩ ከግዳጅ ነጻ በሆነበት ሰዓት ድንጋይ ፈለጠ፣ መሠረት ቆፈረ፣ ብሎኬት ደረደረ። ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፣ ቆሎና ንፍሮ አቀረቡ፣ ሲያስፈልግም አሸዋ አመላለሱ። ወጥ ቤቱ ከአዳራሹ አሥር እርምጃ ርቆ ብቻውን ይሠራ ሲባል ግን ከባድ ክርክር ተነሣ። ዝናብ ሲዘንብ ሳህን ይዞ መመላለስ ይከብዳል የሚል ቅሬታ ነበር፤ ርቀቱም ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ተባለ። በኋላ በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ ቃጠሎ ሲነሣ፣ ሱቅ ከሱቅ የተጣበቀበት፣ መንገዱም የጠበበበት ሥፍራ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሁላችን ሰማን። ከዚያ ወዲህ ስለ አሥሩ እርምጃ ያጉረመረመ የለም።

ክበቡ በግንቦት መጨረሻ ተከፈተ። ከድሮው ያነሰ፣ ነገር ግን የጠነከረ ነው። ሁለት በሮች አሉት፤ ሁለቱም ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ከበሩ አጠገብ አሸዋ የተሞላ በርሜልና አካፋ ይገኛል። ቤንዚኑ ለብቻው፣ ከእሳትና ከሰው ርቆ ይቀመጣል። አመድ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋል፤ ከተደፋም በኋላ ውሃ ይፈስበታል። ያችው ሠራተኛ ዛሬም በወጥ ቤቱ ትሠራለች፤ የጉድጓዱም ኃላፊ እርሷ ናት።

በዚህ አጋጣሚ ለየቤታችሁ የሚጠቅመውን ደግመን እናሳስባለን። አመድን በካርቶን ወይም በፌስታል አታስቀምጡ። የሞቀ ጄኔሬተር ሳይቀዘቅዝ ቤንዚን አትጨምሩ። መጥበሻ ላይ ዘይት ቢቀጣጠል ውሃ አትድፉበት፤ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ እስከ 1,700 እጥፍ ስለሚሰፋ የሚነደውን ዘይት ወደ ፊትና ወደ ጣሪያ ይረጨዋል። ይልቁንም ምድጃውን አጥፉና መጥበሻውን በክዳን ድፈኑት። ከሰል የነደደበትን ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አትተኙ፤ ጢሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ አለበት።

ስለ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በዚያ ስብሰባ ሳንናገር የቀረን አንድ ነገር አለ። ሆቴሉ ሲቋቋም፣ ምግብን በገንዘብ መሸጥና መግዛት እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በልተው ሒሳብ በመክፈል ለመኳንንቱ አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። ሕንጻ መታደሱን ከመናገር ይልቅ ይህን ብንናገር ኖሮ ለእናቶቹ ጥያቄ የተሻለ መልስ በሆነ ነበር። የጋራ ቤት የሚቆመው እያንዳንዱ የበላበትንና የጠጣበትን ሲከፍል፣ ለዚያም የልጆቹን ድርሻ ሳይነካ ሲቀር ነው።

እማማ አዲስ መዝገብ ገዝተዋል። እንደ ድሮው ሁለት ሳይሆን አንድ ቀጭን ደብተር ነው። ባለፈው እሑድ ልጆች ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ የሃምሳ አለቃው ባለቤት ቡና ሲያፈሉ እማማ ደብተሩን ገልጠው አሳዩን። ባዶ ገጹ ከተጻፈበት ይበልጣል። ይህ እንዲጸና የእያንዳንዱ ባልና የእያንዳንዱ ሚስት ኃላፊነት ነው። ከእነዚያ ያልመጡት መካከል ይህን ዓምድ የሚያነብ ቢኖር ደግሞ፣ የእማማ በርጩማ ዛሬም ከበሩ አጠገብ መሆኑን ልናስታውሰው እንወዳለን።