ከማሽኑ በፊት ደብተሩ

ለኢፌዴሪ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአነስተኛ አምራቾችን የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም ይመለከታል

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ በአምራች ዘርፍ አነስተኛ የሚለው ከ6 እስከ 30 ሠራተኛ፣ ከ100 ሺህ ብር በላይ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ጠቅላላ ሀብት ያለውን ተቋም ነበር። ከዚያ ወዲህ የብር አቅም በመውረዱ የገንዘቡ መጠን ትርጉሙን አጥቷል፤ የሰው ቁጥሩ ግን ዛሬም የብዙ ወርክሾፖችን ልክ ያሳያል። በየከተማው የሚገኘው የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፕ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። አንድ ባለቤት፣ ጥቂት አናጢዎች፣ አንድ ሁለት በያጆች፣ ቀለም ቀቢና ረዳቶች ይኖሩታል፤ ቋሚ የሒሳብ ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የኩሽና ካቢኔት፣ በርና መስኮት በትእዛዝ ይሠራል።

እንዲህ ያለው ወርክሾፕ ለዲጂታል ቴክኖሎጂ እንግዳ አይደለም። ደንበኛው የሚፈልገውን ቁም ሣጥን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። ዋጋው በስልክ ይቆረጣል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ላይ የዋለው ቴሌብርም ቀብዱን በደቂቃ ያደርሳል። ከዚህ በኋላ ግን ስልኩ ኪስ ይገባል። የካቢኔቱ ልኬት በእርሳስ በኤምዲኤፍ ቁራጭ ላይ ይጻፋል፤ ቁራጩ ደግሞ ማታ ከፍርፋሪ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ስንት ሉህ እንደተቆረጠ፣ ስንት ማጠፊያ እንደገባ፣ ሥራው ስንት ቀን እንደወሰደና ምን ያህል ቀሪ ክፍያ እንዳለ የሚያውቀው የባለቤቱ ጭንቅላት ብቻ ነው። ትእዛዙና ክፍያው ዲጂታል ሆነው ሳለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ዋናው ነገር፣ ማለትም ምርቱ፣ ሳይመዘገብ ያልፋል። የድጋፍ ሥራ መነሻ ሊሆን የሚገባው ይህ ክፍተት ነው።

ክፍተቱ የሚዘጋው በቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ደረጃ መዝገብ ሲሆን፣ ይህም በአንድ ስማርት ስልክ የሚሠራ ነው። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ደንበኛው፣ ልኬቱ፣ ዋጋው፣ ቀብዱ፣ የማስረከቢያ ቀኑና የገባበት ዕቃ በዚያ ቁጥር ሥር ይሰፍራሉ። ከሦስት አራት ወር በኋላ መዝገቡ ዋጋ መተመኛ ይሆናል። ያለመዝገብ የሚሰጥ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ትልልቁን ዕቃ ብቻ ይቆጥራል። ኤምዲኤፉና ቱቦላሬው ይታሰባሉ፤ ኮላው፣ ብሎኑ፣ ኤሌክትሮዱ፣ የቀለም ማቅጠኛው፣ የመብራትና የቤት ኪራይ ድርሻው ይዘነጋሉ። ወርክሾፑ ሥራ በዝቶለት እያለ ገንዘብ የሚያጥረው በዚህ የተነሳ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ችግሩ ከብዷል፤ ብዙው ግብዓት ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ቀብድ በተቀበሉበት ቀንና ዕቃ በገዙበት ቀን መካከል ዋጋ ሊጨምር ይችላል። ያለፈውን ግዢ በቀንና በዋጋ የመዘገበ ባለሙያ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና በውሉ ላይ ያሰፍራል፤ ያልመዘገበው ኪሳራውን የሚያውቀው ዕቃ ገዝቶ ሲመለስ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ንድፍና የመቁረጫ ዕቅድ ነው። በኮምፒዩተር የተሠራ ንድፍ ደንበኛው ገና እንጨት ሳይቆረጥ ዕቃውን እንዲያየውና እንዲስማማበት ያደርጋል፤ «እኔ ያልኩት እንዲህ አልነበረም» የሚለው ክርክርም ይቀንሳል። የመቁረጫ ዕቅድ ጥቅም ደግሞ በቀላል ስሌት ይታያል። የተለመደው የኤምዲኤፍ ሉህ ወርዱ 122፣ ርዝመቱ 244 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአንድ ትእዛዝ 50 በ70 የሆኑ 42 መደርደሪያዎች ያስፈልጋሉ እንበል። ቆራጩ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ቢደረድር፣ በወርዱ ሁለት ሃምሳዎችን፣ በርዝመቱ ሦስት ሰባዎችን ያወጣል፤ ከሉሁ የሚያገኘው 6 ነው። ሉሁን በቁሙ ባለ 70 እና ባለ 52 ንጣፍ አድርጎ ቢከፍለው ግን ከመጀመሪያው ንጣፍ 4፣ ከሁለተኛው 3፣ በድምሩ 7 ያወጣል፤ የመጋዙ ጥርስ ለሚበላው ሚሊ ሜትርም ቦታ ይተርፋል። በመጀመሪያው መንገድ 7 ሉህ የሚፈጀው ትእዛዝ በሁለተኛው በ6 ያልቃል። ልምድ ያለው አናጢ ይህን በዓይኑ ሊደርስበት ይችላል። ልኬታቸው የተለያየ ሠላሳ ቁራጮች በአንድ ካቢኔት ሲገናኙ ግን የሰው ዓይን ይደክማል፤ ለስልክና ለኮምፒዩተር የተሠሩ ነጻ የመቁረጫ ማቀጃዎች በሰከንዶች ይጨርሱታል።

ሦስተኛው ደረጃ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን፣ በተለምዶ ሲኤንሲ የሚባለው ነው። ማሽኑ የሚሠራው በተሰጠው ፋይል ስለሆነ ንድፍ የማያዘጋጅ ወርክሾፕ ማሽኑን ቢያገኝም ፋይሉን ከሌላ ይገዛል፤ ዋጋ የማይተምን ወርክሾፕ ደግሞ ማሽኑ በሰዓት ምን ያህል ማስገባት እንዳለበት ስለማያውቅ ዕዳውን ለመክፈል ይቸገራል። መብራት በሥራ መካከል ሲቋረጥ መሣሪያው ያለበትን ነጥብ ሊስት፣ የተጀመረው ሉህም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የኃይል መጠባበቂያ፣ የመቁረጫ ምላጭ፣ መለዋወጫና የጥገና ባለሙያ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው። ማሽን በድጋፍ ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የሚቀመጠው ለርክክብና ለፎቶ ስለሚመች ከሆነ፣ ወርክሾፑ የሚያተርፈው በላስቲክ የተሸፈነ ዕዳ ነው።

ቅደም ተከተሉ ግልጽ ሆኖ ሳለ ብዙ ወርክሾፖች የመጀመሪያውን ደረጃ እንኳ የማይረግጡባቸው ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ከመዝገብ መያዣ ፕሮግራሞቹ ይመነጫል። በአገር ውስጥ የሒሳብ ባለሙያዎች ዘንድ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ፒችትሪ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀና ለሠለጠነ ሒሳብ ያዥ የታሰበ ነው፤ የአናጢ ቤት ባለቤት በሥራ መሀል ከፍቶ የሚሞላው አይደለም። በውጭ አቆጣጠር ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም «ጳጉሜ 3 አስረክባለሁ» የሚለውን ቀጠሮ አይቀበልም። ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የበጀት ዓመት ራሱ አይከፍተውም። ከቀኑ 8 ሰዓት የተባለውን ርክክብ ጠዋት አድርጎ ያስታውሳል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ መጻፍ ችግር አይደለም፤ መፈለግ ግን ችግር ነው። «ሠናይት» እና «ሰናይት»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈ አንድ ደንበኛ በፕሮግራሙ ዘንድ ሁለት ሰው ነው፤ ቀሪ ሒሳቡም ለሁለት ይሰነጠቃል። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ፕሮግራም ለመሥራት ከባድ ምርምር አያስፈልግም፤ አሠሪው ይህን በዝርዝር መስፈርቱ ውስጥ ማስገባቱ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ወጪና የኢንተርኔት ጥገኝነት ነው። በየወሩ በዶላር የሚከፈልባቸው የውጭ ፕሮግራሞች በብር ሲመነዘሩ ከበድ ይላሉ፤ ለውጭ ክፍያ የሚያገለግል የባንክ ካርድ ለሌለው ባለሙያ ደግሞ የመክፈያ መንገዱም የለም። ያለ ኢንተርኔት የማይሠሩ ፕሮግራሞችም መረቡ በሚቆራረጥበት ቦታ አይመቹም።

ሦስተኛውና ጎላ ብሎ የማይነገረው ምክንያት ፍርሃት ነው። በደንብ ቁጥር 139/1999 የመጣው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ለብዙ ነጋዴ የመጀመሪያው ዲጂታል የሥራ መሣሪያ ሆኗል። መሣሪያው የገባው በግዴታ ነው፤ የሚቆጥረውም በመጀመሪያ ለግብር ሰብሳቢው ነው። በዚያ መንገድ ከዲጂታል መዝገብ ጋር የተዋወቀ ባለቤት አዲስ መተግበሪያ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን ማን ያየዋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ያስፈልገዋል። የመልሱ አንዱ ክፍል መዝገቡ ለባለቤቱ ለራሱ የሚያስገኘው ጥቅም ነው። መዝገብ የሌለው ግብር ከፋይ በግምት ሲወሰንበት የሚከራከርበት ሰነድ የለውም። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ እውቅና አለው። በሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ደግሞ ማሽን፣ የዕቃ ክምችትና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለብድር መያዣ መሆን ይችላሉ። ቤትና መሬት ለሌለው አምራች ይህ ትልቅ በር ነው፤ በሩን የሚከፍተው ግን ክምችቱንና ተሰብሳቢውን የሚያሳይ መዝገብ ነው።

አገሪቱ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ልምድ አላት። ካይዘን የተባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አሠራሩ በአማርኛ ሲተረጎም አምስቱ «ማ»ዎች ተባለ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ትምህርቱ ከአዳራሽ ይልቅ በሥራ ቦታ፣ በአማርኛ ቃል፣ ያለ ውድ መሣሪያ መሰጠቱ ጥንካሬው ነበር። ከአምስቱ የሚከብደውም የመጨረሻው ነው፤ አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ መሣሪያው ወደ ቦታው መመለሱን የሚያይ ከሌለ ወርክሾፑ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ዲጂታል መዝገብም በዚሁ ሕግ ይገዛል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉም ይመዘግባል፤ ሥራ በበዛበት የበዓል ሰሞን የሚዘልቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ከዚህ በመነሳት ከሚኒስቴሩና በሥሩ ካለው የኢትዮጵያ ኢንተርፕራይዝ ልማት የሚጠበቁት ተግባራት አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ የድጋፉ ቅደም ተከተል መዝገብ፣ ንድፍ፣ ማሽን እንዲሆን መወሰን ነው። የማሽን ሊዝ ጥያቄ ሲቀርብ የስድስት ወር የትእዛዝና የወጪ መዝገብ እንደ መመዘኛ ቢታይ አምራቹም አበዳሪውም ይጠቀማሉ።

ሁለተኛ፣ ከኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር በመሆን ለአነስተኛ አምራች ፕሮግራሞች ዝቅተኛ መስፈርት ማውጣት ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠርና ሰዓት፣ ሞክሼ ፊደልን የሚያውቅ ፍለጋ፣ ከአማርኛ ውጭ ያሉ የሥራ ቋንቋዎች፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት፣ መዝገብን አውጥቶ ወደ ሌላ ፕሮግራም መውሰድ የመስፈርቱ አካል ሊሆኑ ይገባል። ሚኒስቴሩ ራሱ ፕሮግራም መሥራት አያስፈልገውም፤ መስፈርቱን ካወጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ይወዳደሩበታል።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናውን ወደ ወርክሾፑ ማምጣት ነው። ባለቤቱን ለሦስት ቀን አዳራሽ ማስቀመጥ የሦስት ቀን ሥራውን ማስቀረት ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚወጡ ተማሪዎች ለትብብር ሥልጠና ወደ አምራቾች ይላካሉ፤ የተማሪው አንዱ ተግባር የወርክሾፑን መዝገብ መጀመርና ንድፉን በኮምፒዩተር ማዘጋጀት ቢሆን ሁለቱም ይማማራሉ።

አራተኛ፣ በድጋፍ ፕሮግራም የሚሰበሰብ የአምራቾች መረጃ ለምን ዓላማ እንደሚውልና ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ሰዎች መረጃ የጣለው ግዴታ አለ፤ የወርክሾፑ የዋጋና የደንበኛ ዝርዝርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል።

አምስተኛ፣ የስኬት መለኪያውን መለወጥ ነው። የሠለጠነው ሰውና የተከፋፈለው መሣሪያ ብዛት የሚያሳየው ወጪን ነው። የዲጂታል ሽግግሩ መምጣቱን የሚናገረው ከሥልጠናው አንድ ዓመት በኋላ ስንት ወርክሾፖች ያለፈውን ሳምንት ትእዛዝ ከነወጪው ማሳየት መቻላቸው ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኢንተርፕራይዝ ልማት
ለኢትዮጵያ ልማት ባንክ