ወንድ ልጅ ሊጥ ቢዳምጥ ምን ነውር አለበት?

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ጣፋጭ ምግብ ነው። አንባቢ ሆይ፣ «ይህ ልጅ ሌላ ቁም ነገር ጠፋበትን?» ብለህ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩል። በአንድ ትሪ ላይ የተደረደረ፣ ኦቾሎኒ በሆዱ የያዘ ድርብርብ ጣፋጭ በእኔ ዘንድ ትልቅ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ጥያቄውም «ጓዳ የማን ነው?» የሚል ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ግንቦት ነው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመሰነባበቻ የሚሆን ትንሽ ግብዣ ለማድረግ ተሰብስበን ስንመክር፣ እንደ ወትሮው ሁሉ «ሴቶች ምግብ ሠርተው ያምጡ፤ ወንዶች ለለስላሳ መጠጥ ገንዘብ ያዋጡ» የሚል አሳብ ቀረበ። ወንዶቹ ሁላችን አጨበጨብን። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «እናንተ እጅ የላችሁም ወይ?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁትም መካከል እኔ አንዱ ነበርሁ።

ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። በእውነት ራሴን ብመረምር፣ ዕድሜዬ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኖ ሻይ ከማፍላት በቀር እሳት ላይ ጥጄ ያበሰልሁት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ለግብዣው አንድ ነገር በገዛ እጄ ሠርቼ እንዳመጣ ቆረጥሁ።

በኬክ ቤት መስተዋት ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስጐመጀኝ፣ በስስ ቅጠሎች መካከል ለውዝ የተነሰነሰበት ባቅላቫ ነበር። ስለዚህም ስለ እርሱና ስለ ዘመዶቹ ማንበብ ጀመርሁ። በቱርክ አገር በጋዚያንቴፕ ከተማ የሚሠራው ባቅላቫ እጅግ የታወቀ በመሆኑ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 በአውሮፓ ኅብረት ዘንድ በትውልድ ስፍራው ስም ተመዝግቦ ጥበቃ አግኝቷል። በኦቶማን ሱልጣኖች ዘመንም በረመዳን ወር እኩሌታ ላይ ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ለወታደሮቹ ለዐሥር ሰው አንድ ትሪ ይታደል ነበር። ወታደሮቹም ትሪውን ተሸክመው በሰልፍ ይሄዱ ነበር። ያን ሁሉ ትሪ ያዘጋጁት የቤተ መንግሥት ወጥ ቤቶች ወንዶች እንደ ነበሩ ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ጥቂት በረታ።

ነገር ግን የባቅላቫን ሊጥ እንደ ወረቀት አሳስቶ መዘርጋት የብዙ ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ወደሚቀለው ወደ ፈረንሳዮች ዘዴ ዞርሁ። ይኸውም ቅቤን በሊጥ ጠቅልሎ፣ እየዳመጡ ደጋግሞ ማጠፍ ነው። ላ ቫሬን የተባለው የፈረንሳይ ወጥ ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1651 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ይህን የመሰለ ሊጥ አስፍሮታል። ለእናቴ አሠራሩን በነገርኋት ጊዜ ግን ምንም አልደነቃትም። «ይኸማ አነባበሮ ነው! እኛ እንጀራውን እናነባብራለን፤ እነርሱ ሊጡን ያነባብራሉ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ምግብ ስም በቤታችን «የኦቾሎኒ አነባበሮ» ሆኖ ቀረ።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሩብ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት በጥቂት ጨውና በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይታሻል። ሁለት መቶ ግራም ያህል ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በሊጡ ውስጥ እንደ ደብዳቤ ይታሸጋል። ከዚያ በመዳመጫ ይረዝማል፤ በሦስት ይታጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ስፍራ ያርፋል፤ እንደገናም ይዳመጣል። ለሆዱ የሚሆነው ኦቾሎኒ ተቈልቶና ገለባው ተነሥቶ በሙቀጫ ሸካራ ሆኖ ይወቀጣል፤ በማርና በአንድ ቁንጥር ኮረሪማ ይለወሳል። የእኔ ኦቾሎኒ የሐረርጌው የባቢሌ ነበር። ቱርኮቹ ፒስታስዮ፣ ሌሎችም ሌላ ዓይነት ለውዝ ይጨምራሉ፤ ኦቾሎኒ ግን በወገኑ የባቄላና የአተር ዘመድ ቢሆንም በዚህ ሥራ ከማንኛውም ለውዝ አያንስም።

እዚህ ላይ በክፍል የተማርሁት ትምህርት በጓዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሊጡ አንድ ጊዜ በሦስት ሲታጠፍ የቅቤው ንብብር 3 ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 9፣ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 27 ይሆናል። የሠለጠኑ ጋጋሪዎች እስከ ስድስት ጊዜ ስለሚያጥፉት 729 ይደርሳል። የእኔ አቅም አራት ጊዜ ስለ ነበር 81 ብቻ ሆነልኝ። የሚያነሣው ደግሞ እርሾ አይደለም፤ እንፋሎት ነው። በሊጡና በቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ በብርቱ እሳት ሲተንን መጠኑ ከ1600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ መውጫ ሲያጣም እያንዳንዱን ቅጠል ወደ ላይ ይገፋዋል። ቅቤውም ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ ይከለክላል። የሂሳብና የፊዚክስ መምህሮቻችን ይህን ቢያነቡ ደስ እንደሚላቸው ተስፋ አለኝ።

ነገር ግን ማወቅና መሥራት የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን «ቅቤ ቅቤ ነው» ብዬ ከእናቴ ማሰሮ ንጥር ቅቤ ቀዳሁ። ቅቤ ሲነጠር ውሃው ተንኖ እንደሚያልቅ አላሰብሁም። ሊጡ እንደ ድንጋይ ተኝቶ ቀረ፤ በኮሰረትና በበሶብላ ሽታውም ለዶሮ ወጥ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ቀን በቀትር ሙቀት ስለ ዳመጥሁትና ፍሙ ስለ ደከመ፣ ቅጠሉ ሳይነሣ ቅቤው ቀልጦ ፈሰሰ። በቤታችን ኦቭን ስለሌለ የጋገርሁት ድፎ ዳቦ በሚጋገርበት መንገድ፣ ማለት ከታችም ከላይም ፍም አድርጌ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት እናቴ በእነዚያ ቀናት ስንት ጊዜ እንደ ነገረችኝ አልቈጠርሁትም።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሽርጥ ታጥቄ በግቢያችን ውስጥ ፍም ሳራግብ አባቴ ከሥራ ገባ። ጥቂት ቆሞ ተመለከተኝና፣ «ለዚህ ነው ወይ ሳስተምርህ የኖርሁት? ወንድ ልጅ ጓዳ ለጓዳ!» አለ። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ «ተወው እስቲ፤ ነገ ለብቻው ቤት ቢይዝ ማን ያበላዋል?» ስትል መለሰችለት። አባቴ ሌላ ቃል ሳይናገር ወደ ቤት ገባ። እኔም ምጣዱን ከፈትሁ። ንብብሩ ተነሥቶ ነበር። ቀይና ቀላል ሆኖ ሲሰበር ቀሽ ቀሽ ይል ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ በፈተና ውጤት እንኳ አግኝቼ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በግብዣው ቀን ትሪዬን ከሌሎቹ ምግቦች ጋር አስቀመጥሁ። በዓለ ኀምሳ ስለ ነበር ቅቤውን «ጾም ነው» ብሎ የተወ ሰው አልነበረም፤ ትሪው ወዲያው ባዶ ሆነ። አንድ ጓደኛዬ ጣቱን እየላሰ፣ «እጃቸው ይባረክ! እናትህን አመስግንልን» አለኝ። ሌሎችም ተከትለው እናቴን አመሰገኑ። ከእነርሱም መካከል ያቺ «እጅ የላችሁም ወይ?» ብላ የጠየቀችው ልጅ ነበረች።

በዚያ ጊዜ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን የሳቁ ድምፅ በጆሮዬ መጣና ፈራሁ። «እሺ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ዝም አልሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን ያልተናገርሁትን ለመናገር ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ በእጄ ላይ ነበረ፤ እኔ ግን ደበቅሁት። ሌብነትን ወይም ስንፍናን ደብቄ ቢሆን ኖሮ በተገባ ነበር፤ የደበቅሁት ግን ሥራን ነው። በሥራው የሚያፍር ሰው የሚኖርባት አገር እንዴት ልታድግ ትችላለች? ይህ ለእኔ ትልቅ ኀፍረት ነው፤ ግን የእኔ ብቻ አይመስለኝም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ልማዳችን ነው፤ መጋገር የሴት ሥራ ነው» ይል ይሆናል። እስቲ ልማዳችንን ራሱን እንመርምር። በቤተ ክርስቲያናችን ከሁሉ የከበረውን የመሥዋዕት ኅብስት በቤተ ልሔም ገብተው የሚጋግሩት ዲያቆናት፣ ማለት ወንዶች ናቸው። በገዳማት መነኰሳቱ ዳቤያቸውን ራሳቸው ይጋግራሉ። በከተማችን ባየኋቸው ኬክ ቤቶችም ሊጡን የሚዳምጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። እንግዲህ ወንድ ለመቅደስ ሲጋግር ክብር፣ ለደመወዝ ሲጋግር ሙያ የሆነው ነገር፣ ለእናቱና ለጓደኞቹ ሲጋግር ብቻ ነውር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያቱ ክፋይ እንጀራ ሳይሆን ኩራት ይመስለኛል።

ሥራን መናቅ አዲስ በሽታ አይደለም። ባለ እጆች በሥራቸው ምክንያት ይሰደቡ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸማ የሚሠራውን መናቅ አገርን የሚጎዳ መሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት ከታወቀ፣ እኛ የዛሬ ተማሪዎች ዱቄት የነካውን እጅ ልናፍርበት አይገባንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን አንቀጽ በሥነ ዜጋ ፈተና ላይ በትክክል ጽፈን ሙሉ ነጥብ ካገኘን በኋላ፣ በክፍላችን ስብሰባ ላይ ግን «ሴቶች ምግብ ያምጡ» ብለን አጨበጨብን።

ሌላም ሰው «ጊዜህን በጥናት ብታሳልፍ ይሻልህ ነበር» ሊለኝ ይችላል። አሳቡ ከቅንነት የመጣ ነው። ነገር ግን እኅቶቻችን ቡና አፍልተው፣ ወጥ ሠርተውና ዕቃ አጥበው ካበቁ በኋላ በሚተርፋቸው ሰዓት ነው የሚያጠኑት። ለእኛ ጊዜ ማባከን የሆነው ለእነርሱ እንዴት ግዴታ ይሆናል? ቅቤ ውድ ነው የሚለኝ ሰው ግን እውነቱን ነው። ይህ የየዕለት ምግብ አይደለም፤ የበዓልና የደስታ ቀን ምግብ ነው። ሽሮ መሥራት የሚፈልግም ከሽሮ ይጀምር፤ ክርክሬ ስለ ቅቤ ሳይሆን ስለ እጅ ነውና።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ሁለት አሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከእንግዲህ የመሰነባበቻ ግብዣ ሲዘጋጅ ሥራው በዕጣ ይከፈል። ማን ምግብ እንደሚሠራ፣ ማን ገንዘብ እንደሚያዋጣ፣ ማንስ ዕቃ እንደሚያጥብ ዕጣው ይወስን እንጂ ወንድ ወይም ሴት ሆኖ መወለድ አይወስን። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን ፈቃዳቸው ቢሆን፣ በክበባት ሰዓት የምግብ አሠራር የሚማሩበት አንድ ክበብ ይቋቋም፤ ወንዶችም ይግቡበት። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ስለምሄድ የምጠቀምበት አልሆንም፤ ለሚከተሉን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን ይጠቅማል።

አባቴ ይህን መጽሔት እንደሚያነብ አውቃለሁ። በየዓመቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበዋል። ስለዚህ ያላሰብሁትን ሰውሮ ማለፍ ቢቀልለኝም፣ የተናገረኝን እንዳለ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን የሆነውን ሁሉ ልጽፍ ይገባኛል። በግብዣው ማግስት እራት ከበላን በኋላ አባቴ ጋዜጣውን ሳያወርድ፣ «ያ ነገርህ አልተረፈም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለት ተርፎ ነበር። አቀረብሁለት፤ ዝም ብሎ በላ። ፍርፋሪውንም ከሳሕኑ ላይ በጣቱ እየለቀመ ጨረሰው።

ለዚያች ልጅ ደግሞ መልሴ ቢዘገይም ይኸው፦ አዎን፣ እጅ አለን። እስከ ዛሬ የጎደለን በእጃችን የሠራነውን «የእኔ ነው» ለማለት የሚያበቃ ድፍረት ነበር።