በድጓው ምልክትና በዜማው መካከል

በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም በአብነት ትምህርት ዘንድ የድጓ መንበር መሆኗን የማያውቅ የዜማ ሰው የለም። ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ደቀ መዝሙር እዚያው ጋይንት ውስጥ ወደ ዙር አባ እንደሚሄድ፣ አቋቋም የሚሻም ወደ ጎንደር በአታ እንደሚገሠግሥ ሁሉ፣ ድጓን በሌላ ደብር ሲማር የኖረ ሰው መሪጌታ ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ሲያስብ ዓይኑን የሚጥለው ወደ ቤተ ልሔም ነው፤ ዜማው ከመምህራኑ ዜማ ጋር ተመሳክሮ፣ ግድፈቱ ተነቅሶና ተቃንቶ፣ «አስመስክሯል» የሚባለው በዚያ ነውና።

በዘመናችን ግን የብራና መጻሕፍቱ አስቀድሞ በፊልም፣ ኋላም በዲጂታል ካሜራ እየተነሡ በኮምፒዩተር ስለሚከማቹ፣ «እንግዲህ ድጓው ተቀምጧል፤ ቢቃጠልም ቢሰረቅም ቅጂው አለ» የሚል ዕረፍት በብዙ ሰው ልቡና አድሯል። እኔ የምለው ይህ ዕረፍት ጊዜው ያልደረሰ መሆኑን ነው። የተቀመጠው የድጓው የላይ ላይ ቅጂ እንጂ ድጓው አይደለም። ይህንንም ለማስረዳት የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ትምህርት እጠራለሁ፤ አንድን ነገር በመገልበጥና ወደ አንድ ነገር በማመልከት መካከል ያለውን ልዩነት እንደ እነርሱ አጥርቶ፣ በየቀኑም በሥራ ፈትኖ፣ የለየ የሙያ ወገን አላየሁምና።

የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ በተራ ቁጥር የተለዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ስፍራዎች ያሉት ነው፤ እያንዳንዱ ስፍራ አንድ ባይት ይይዛል፤ ቁጥሩም አድራሻው ይባላል። ለምሳሌ «ያሬድ» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ስም ዩቲኤፍ 8 በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ሲቀመጥ 9 ባይት ይፈጃል፣ ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ያስፈልገዋልና። ይህን የመሰለው ተራ ጽሑፍ ሲገለበጥ ባይቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራሉ፤ በዚህ ላይ ምንም ምሥጢር የለም። ምሥጢሩ የሚጀምረው የሚገለበጠው ነገር ሌሎች ነገሮችን በውስጡ የሚያቅፍ ሲሆን ነው።

ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለው ሆላንዳዊ በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባወጣው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ እያንዳንዱ ኦብጀክት ማንነት፣ ዓይነትና ይዘት አለው። ጸሐፊው ለኦብጀክቱ የሚያወጣለት ስም ግን የኦብጀክቱ ማደሪያ አይደለም፤ ኦብጀክቱ ወዳለበት የሚያመለክት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ስም ከሌላው ጋር እኩል አድርጎ መጻፍ ምንም ነገር አይገለብጥም፤ ለአንዱ ህላዌ ሁለተኛ ስም መስጠት ነው እንጂ። የዓመቱን በዓላት የያዘ አንድ ዝርዝር ቢኖር፣ በውስጡም በየበዓሉ የሚዜሙት ክፍሎች ራሳቸውን የቻሉ ዝርዝሮች ሆነው ቢቀመጡ፣ ትልቁ ዝርዝር ትናንሾቹን በሆዱ አልያዛቸውም፤ የያዘው ወደ እነርሱ የሚያመለክቱ አድራሻዎችን ነው።

እንግዲህ ይህ ዝርዝር በሁለት መንገድ ሊገለበጥ ይችላል። በመጀመሪያው መንገድ ውጫዊው ዝርዝር ብቻ አዲስ ሆኖ ይፈጠርና በውስጡ ያሉት አድራሻዎች እንዳሉ ይተላለፋሉ፤ ይህ የላይ ላይ ቅጂ ነው። ለተመልካች ሁለት ዝርዝሮች ይታያሉ፤ ነገር ግን የመስቀልን በዓል ክፍል በአንደኛው ገብቶ የሚያርም ሰው የሁለተኛውንም ማረሙ ነው፣ ሁለቱም የሚያመለክቱት ወደዚያው ወደ አንዱ ነውና። በሁለተኛው መንገድ ቅጂው ከአድራሻው አልፎ አድራሻው ወደሚያመለክተው ነገር ይወርዳል፤ ያም በውስጡ ሌላ አድራሻ ካለው ወደዚያኛውም ይወርዳል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ሁሉን በአዲስ ይሠራል። ይህ ጥልቅ ቅጂ ነው። የመጀመሪያው ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜና ብዙ ስፍራ ይፈልጋል፤ ዳሩ ግን የቀደመው ቢጠፋ ራሱን ችሎ የሚኖረው ሁለተኛው ብቻ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ድጓው እንመለስ። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት እንደ ትውፊቱ ከስድስተኛው መቶ ዓመት ከንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ጀምሮ የሚዜም ሲሆን፣ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው የዜማ ምልክት በብራናዎች ላይ የሚታየው ግን ከዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። የነገሥታቱ ታሪክ እንደሚነግረን፣ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. በነገሠው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ የዜማ ሊቃውንት ተነሥተው ለድጓው የምልክት ሥርዓት አበጁለት፤ ንጉሡ ላሠራት ለተድባበ ማርያም ካህናትም አስተማሩት። ዘመኑ ከግራኝ ጦርነት በኋላ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ መጻሕፍት በተቃጠሉበትና ብዙ መምህራን ባለቁበት ማግሥት፣ በቃል ብቻ ሲተላለፍ የኖረውን ዜማ በጽሑፍ ለመርዳት ማሰብ የተገባ ነበር።

ምልክቱ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እየተባሉ የሚጠሩት ነጥብና ሰረዝ መሳይ ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህ ድምፁ የሚያዝበትን፣ የሚወርድበትን፣ የሚቆረጥበትን ያሳያሉ። ሁለተኛው ወገን በቁጥር በመቶዎች የሚደርሰው ሲሆን ከፊደላት የተሠራ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገርም እርሱ ነው። በዚህ ወገን ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚቀመጡት አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት የድምፁን ከፍታና ዝቅታ አይሥሉም። ሌላ ስፍራ ከሚገኝ፣ ተማሪው አስቀድሞ ከነዜማው በቃሉ ከያዘው ሐረግ የተቆረጡ ፊደላት ናቸው፤ ትርጉማቸውም «ይህን ቃል በዚያ ሐረግ ዜማ በል» ማለት ነው። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ምልክቶቹ ለየብቻ ስለሚጠኑ፣ አንባቢው በየትኛው ዜማ ውስጥ እንዳለ ካላወቀ ምልክቱን መፍታት አይሆንለትም።

ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድራሻ አለን? ዜማው በብራናው ላይ የለም። በብራናው ላይ ያለው ዜማው ወዳለበት የሚያመለክት ነው፤ ዜማው ያለበትም በመምህሩና በደቀ መዝሙሩ ልቡና ውስጥ ነው። ከዘመነ ዮሐንስ ጀምሮ በአስተምሕሮ አልፎ እስከ ፋሲካና ከዚያም ወዲያ የዓመቱን በዓላት የሚያካልል ድርሰት በአንድ ጥራዝ ሊጠቃለል የቻለው በዚህ ጥበብ ነው። እያንዳንዱ ቃል ዜማውን በሙሉ ተሸክሞ ቢጻፍ ኖሮ ስንት ፍየል ለብራና በታረደ፣ ስንትስ ዓመት በጽሕፈት ባለቀ! አንድ ዜማ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠናል፤ ከዚያ በኋላ በሺህ ስፍራ በሁለት ፊደል ይጠራል። ክፍሎቹም በየ«ቤታቸው» መመደባቸው፣ በአንድ ቤት ያሉትም አርአያ የሆነውን የአንዱን ዜማ መከተላቸው፣ ያው ቁጠባ በሰፊው ሲሠራ ነው።

ይሁን እንጂ በጋራ የሚጠራ ነገር ቁጠባ እንዳለው ሁሉ አደጋም አለው፤ ለቤተ ልሔም ምስክር የመኖሩ ምክንያትም ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ። አንድ ደቀ መዝሙር አንዱን የምንጭ ሐረግ ሲማር ጥቂት አጣምሞ ቢይዘው፣ ስሕተቱ በዚያ ሐረግ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ምልክቱ በተጻፈበት ስፍራ ሁሉ፣ በልደትም በትንሣኤም፣ እርሱ ባስተማራቸው ልጆች አፍ ሁሉ ይሰማል። መጽሐፉን በማየት ስሕተቱን መያዝ አይቻልም፣ መጽሐፉ ትክክል ነውና። ስለዚህ ደቀ መዝሙሩ ራሱ ተነሥቶ፣ በቃሉ የያዘውን ይዞ፣ አንድ መንበር ፊት ቀርቦ መመርመር ነበረበት። ቤተ ልሔም፣ በእስቴ ያለችው ቆማ፣ እንዲሁም አቻብር እየተባሉ የሚታወቁት የዜማ ስልቶች መለያየታቸውም ይህን ያስረዳል፤ አንዱ የያሬድ ድጓ በየትኛው መምህር ልቡና ውስጥ እንደሚፈታ ዜማው ይለያልና።

ከዚህ ተነሥተን እስካሁን የተደረገውን የመገልበጥ ሥራ እንመዝን። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ፣ በቤተ ክርስቲያኗ መንበረ ፓትርያርክ፣ በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ትብብር ከ9,000 በላይ ብራናዎችን አንሥቷል፤ ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌም የዕድሜያቸውን ብዙ ክፍል ለዚህ ስብስብ ዝርዝር ዝግጅት ሰጥተዋል። ይህን ሥራ ማቃለል ነውር ነው፤ ካለፉት ዐሠርት ዓመታት ጥፋት ብዙ መጻሕፍትን ቢያንስ በምስል ያተረፈልን እርሱ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ኮምፒዩተሮች ፊደል መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ ከይዘት እስከ ቁርጥ ላሉት 10 የዜማ ምልክቶች የራሳቸው ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ይዘትና ርክርክ በስልክም በኮምፒዩተርም ሊጻፉ ይችላሉ፤ የፊደሉ ምልክትማ ቀድሞም ፊደል ነበረ። ነገር ግን ፎቶግራፉም ሆነ ዩኒኮዱ የገለበጡት አድራሻውን ነው። አድራሻው የሚያመለክተው ዜማ ከጋይንት አልተነሣም፤ ወደ ኮሌጅቪልም አልሄደም፤ ወደ ማሽኑም አልገባም።

የፕሮግራም ሰዎች እዚህ ላይ የሚያስፈራ ነገር ያስተምሩናል። ጆን ማካርቲ በ1960 እ.ኤ.አ. ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ሲገልጽ፣ ማሽኑ ራሱ በማኅደረ ትውስታው እየዞረ ማንም የማያመለክተውን ነገር ፈልጎ ስፍራውን ለሌላ እንዲያስለቅቅ ሥርዓት አበጀ፤ በዚያ ሥርዓት አንድ አመልካች እስካለ ድረስ ነገሩ አይጠፋም። ሲ በተባለው ቋንቋ ግን ጠባቂ የለም፤ ነገሩ ከስፍራው ከተለቀቀ በኋላ አድራሻው በጸሐፊው እጅ ሊቀር ይችላል። አድራሻው አሁንም ቁጥር ነው፤ አሁንም የሚነበብ ነው፤ የሚያመለክተው ግን ወደ ባዶ ወይም በሌላ ነገር ወደ ተያዘ ስፍራ ነው። የድጓው ነገር እንደ ሁለተኛው ነው። ብራናውና ፎቶግራፉ ምልክቱን ለዘለዓለም ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ምልክቱ መኖሩ ግን ዜማውን በሕይወት አያቆየውም። ሐረጉን በቃሉ የያዘ የመጨረሻው መሪጌታ ያረፈ ዕለት ሺህ ገጽ ምልክት በአንድ ጊዜ ወደ ባዶ ያመለክታል፤ ከዚያም የከፋው፣ ማንም ያልተማረ ሰው በግምት ዜማ ሞልቶበት እንደ ያሬድ ዜማ ማዜም ይችላል።

«ታዲያ ድምፁን እንቅዳዋ!» የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ ግን መቅረጸ ድምፅ የሚቀዳው ምንድን ነው? በአንድ ቀን፣ አንድ መሪጌታ፣ አንድን ክፍል ያዜመበትን ድምፅ ነው። በውስጡ አድራሻ የለም፤ ይህ የድምፅ ክፍል ከየትኛው ምልክት እንደ መጣ፣ በሌላው በዓል ያለው ተመሳሳይ ክፍልም ከዚያው ምንጭ መቀዳቱን አይናገርም። ፓይተን ጥልቅ ቅጂ ሲሠራ አንድ ማስታወሻ ይይዛል፤ አስቀድሞ የገለበጠውን ነገር በሌላ መንገድ ዳግም ሲያገኘው እንደገና አይገለብጠውም፤ ወደ አዲሱ ቅጂ እንዲያመለክት ያደርጋል እንጂ። በዚህም ይዘቱ ብቻ ሳይሆን የነገሮቹ ዝምድና ይጠበቃል። ያለዚያ ማስታወሻ አንዱ የጋራ ነገር ሺህ የማይተዋወቁ ቅጂዎች ይሆናል። ክፍሎችን በተናጠል መቅዳት ይኸው ነው፤ ሺህ ድምፅ ይሰጠናል፣ ድጓ ግን አይሰጠንም፤ ያልተቀዳውን ሺህ አንደኛውን ክፍል ከዚያ ተነሥቶ ማዜም የሚችል የለምና።

የተሟላ ጥልቅ ቅጂ እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ደቀ መዝሙሩ ነው። የምንጩን ሐረግ አንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ምልክቱን ባየበት ሁሉ ወደዚያው ወደ አንዱ ይመለሳል፤ በጥንቱ ሥርዓትም ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ ምልክቱን ሲያኖር፣ አድራሻውንም ዜማውንም በአንድነት ወደ ራሱ ገልብጧል። ያላየውን ክፍል ቢሰጡት ያዜመዋል። መምህሩ ቢያርፍ እርሱ ወንበር ይዘረጋል።

ስለዚህ ድጓን ለማኖር ገንዘብ የሚመድብ ሁሉ፣ ቤተ ክህነትም ሆነ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራውን ከካሜራው ባይጀምር እመርጣለሁ። በመጀመሪያ ቤተ ልሔም ያስመሰከሩ መምህራን ተቀምጠው እያንዳንዱን ምልክት ከነምንጩ ሐረግ፣ በየዜማው ለይተው በድምፅ ያስቀምጡ፤ ከዚያ የተጻፈው ድጓ በኮምፒዩተር ሲገባ እያንዳንዱ ምልክት ወደዚያ ድምፅ እንዲያመለክት ይደረግ፤ የቆማና የአቻብር መምህራንም እንዲሁ የየራሳቸውን ያስቀምጡ፤ አንዱ መጽሐፍ በየትኛው ስልት እንደሚፈታም አንባቢው ይምረጥ። ይህ ለዛሬ ፕሮግራም ጸሐፊ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚከብደው ሊቃውንቱን አግኝቶ በትዕግሥት መጠየቁ ነው። ይህም ቢሆን ለተማሪው ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም። ተማሪው ደግሞ ትምህርቱን እንዲዘልቅ ቀለብ ያሻዋል፤ ጋይንትና ጎረቤቷ ስማዳ ግን ዝናብ ሲነፍጋቸው እህል የሚያጥርባቸው አገሮች ናቸው፤ የቆሎ ተማሪም የሚያድረው ገበሬው ከጎተራው ቆንጥሮ በሚሰጠው ቁራሽ ነው። ገበሬው ሲቸገር ተማሪው ጎጆውን ትቶ ይበተናል፤ ለዓመታት የተጠናው ዜማም ሳይጨረስ ይቋረጣል። ከበጀቱ የሚበልጠው እጅ ለእነዚህ ልጆች ቀለብና ለመምህራኑ መተዳደሪያ፣ በተለይም ከሰኔ እስከ መስከረም ላለው የክረምት ወራት፣ አስቀድሞ መቆረጥ ይኖርበታል።