ከፊት ተቀምጦ አለማየት



ዘኬዎስ ጌታን ሊያይ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ቁመቱ አጭር፣ ሕዝቡም ብዙ ስለ ነበረ አልቻለም (ሉቃስ 19)። ወንጌላዊው ይህን ትንሽ የሚመስል ችግር ንቆ አላለፈውም። ሊያይ የመጣ ሰው የሌላው ጀርባ ሲጋርደው ምን እንደሚሰማው ሁላችንም እናውቃለን፤ በሰርግ ላይ የቪዲዮ ቀራጩ ሙሽሮቹን የጋረደበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዘኬዎስ ግን የሚወጣበት ሾላ አገኘ። ትኬት ገዝቶ፣ የወንበር ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከቦታው መነሣት የማይችል ተመልካችስ ወዴት ይውጣ?

ይህን ጥያቄ የማነሣው ስለ ድረም ኮር ሻምፒዮና ነው። በአሜሪካ የምትኖሩና ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ የሚጫወቱ ወላጆች ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም። ድረም ኮር ከበሮ፣ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያና ባንዲራ የያዙ ወጣቶች እየተጫወቱ በሜዳ ላይ በሰልፋቸው ሥዕል የሚሠሩበት ጥበብ ነው። በአንድ ትልቅ ቡድን ውስጥ ከ150 በላይ ወጣቶች ሊሰለፉ ይችላሉ፤ ዕድሜያቸው ከ22 ዓመት አይበልጥም። ድረም ኮር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1972 በዊስኮንሲን ግዛት በዋይትዋተር ከተማ ነበር። ከ2009 አንሥቶ ደግሞ ፍጻሜው በኢንዲያናፖሊስ፣ በሉካስ ኦይል ስታዲየም መካሄድ ጀመረ። በፍጻሜው ምሽት 12 ቡድኖች ይቀርባሉ።

በዚያ ምሽት ከአዳራሹ ተከፍተው የሚወጡ ተመልካቾች አሉ። የተከፉት በውጤቱ አይደለም፤ ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ከሩቅ ተጉዘው የመጡበትን ነገር ስላላዩት ነው። ቅሬታቸው በከፊል ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በከፊል ደግሞ ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ የሚመለስ ነው። ሁለቱን ለይተን እንያቸው።

ትርኢቱ የተሠራው ለየትኛው ዐይን ነው?

ስታዲየሙ ከ60,000 በላይ ሰው ይይዛል። ቡድኖቹ ግን ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ አንድ ጎን ነው። ሥዕሉን በጠቅላላው የሚመዝኑት ዳኞች በዚያ ጎን ከፍ ብለው፣ በ50 ያርድ መስመር ትይዩ ይቀመጣሉ። ነዳፊዎቹም ክቡንና ሰያፉን መስመር የሚያዘጋጁት ከዚያ ከፍታ ለሚያይ ሰው ነው። እያንዳንዱ ወጣት በየትኛው ምት የት መቆም እንዳለበት በቃሉ ያጠናል፤ መደበኛው እርምጃ አምስት ያርድን በስምንት እርምጃ የሚሸፍን ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከላይ ሲታይ ያስደንቃል።

ከታች ሲታይስ? በቀላል ስሌት እናስበው። ዐይኑ ከሜዳው 3 ሜትር ብቻ ከፍ የሚል የፊት ረድፍ ተመልካች አለ እንበል። ከእርሱ 30 ሜትር ርቆ የቆመ፣ ከነቆቡ 2 ሜትር የሚሆን አንድ ተጫዋች ከበስተኋላው ያለውን 60 ሜትር መሬት ይጋርድበታል። የሜዳው ወርድ ግን 49 ሜትር እንኳ አይሞላም። አሁን ደግሞ ዐይኑ 25 ሜትር ከፍ ያለ፣ ከዚያው ተጫዋች 60 ሜትር የራቀ ሌላ ተመልካች እናስብ። ያው ተጫዋች ይህንኛውን የሚጋርድበት 5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ላይ ያለው ክብ ሲያይ፣ ታች ያለው የተደራረበ ጭንቅላት ያያል። እርሱም ቢሆን ከኋላው ካለው ሰው ይልቅ ለሜዳው የቀረበ ነው፤ ለዚህ ነው ብስጭቱ ግራ የሚያጋባው። በኮንሰርት ወይም በእግር ኳስ የፊት ወንበር ማለት ጥሩ ወንበር ማለት ነውና፣ ብዙ አዲስ ተመልካቾች ይህንኑ አስበው ይገዙታል።

በጥግ የተቀመጠው ሌላ ችግር አለበት። ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 91 ሜትር ነው፤ ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከሜዳው በአንዱ ጫፍ የተቀመጠ ሰው የሩቁን ጫፍ ከቅርቡ ሩብ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይሰማል። ለመካከለኛው ወንበር አንድ ላይ የሚወድቀው ምት ለእርሱ የተበታተነ ይመስለዋል። ልጆቹ የተሳሳቱ ይመስለዋል፤ አልተሳሳቱም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቡድኖቹ ትልልቅ መወጣጫዎችን፣ ግድግዳዎችንና ማማዎችን ወደ ሜዳ ይዘው መግባት አብዝተዋል። አራት ሜትር የሚረዝም ግድግዳ ላይኛውን ተመልካች ብዙም አያስቸግረውም። ዐይኑ በ3 ሜትር ላይ ላለው ተመልካች ግን ከግድግዳው ኋላ ያለው ሁሉ የለም ማለት ነው።

የሚጎዳው ማን ነው?

በመካከል ከፍ ያሉት ወንበሮች ውድ ናቸው፤ ቀድመውም ያልቃሉ። ጥበቡን ለዓመታት የተከታተለ ሰው የትኛው ረድፍ እንደሚሻል ያውቃልና አስቀድሞ ይይዛል። የታችኛውና የጥጉ ወንበር ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለአዲስ መጪው ነው። ከእነርሱም መካከል ልጃቸውን ለማየት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ወላጆች አሉ።

እነዚህ ወላጆች የከፈሉት ትኬት ብቻ አይደለም። የአንድ ወጣት የበጋ ክፍያ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ልጃቸው ሳምንታትን በትምህርት ቤቶች የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ሲተኛ፣ ሌሊት በአውቶቡስ ሲጓዝ፣ ቀን በፀሐይ ሲለማመድ ከርሟል። ትርኢቱ 12 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ዕድሜው ለሞላ ወጣት ደግሞ ያ ምሽት የመጨረሻው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እንመጣለን ማለት አይቻልም። እንግዲህ አንዲት እናት እነዚህን ደቂቃዎች አንድ ግድግዳና የአንድ ሰው ጀርባ እያየች ብታሳልፋቸው፣ ማዘኗ ቅንጦት ነው?

ማጉረምረም ወይስ አቤቱታ?

አንዳንድ ወገኖች «ክርስቲያን አያጉረመርምም፤ ባገኘኸው አመስግን» ይላሉ። ማመስገን መልካም ነው። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ከግሪክ አገር የመጡት አማኞች መበለቶቻቸው በዕለታዊው አገልግሎት ችላ ስለ ተባሉ አንጐራጐሩ። ሐዋርያት «ዝም በሉ» አላሏቸውም፤ ሰባት ሰዎች ተመርጠው አሠራሩ እንዲስተካከል አደረጉ። ያዕቆብም በምዕራፍ 2 ላይ ባለጠጋው በመልካሙ ስፍራ ሲቀመጥ ድኻው ወደ ጥግ መገፋቱን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። በስታዲየም ወንበር መሸጥና በጉባኤ ማዳላት አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ማን የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ግን ለቁም ነገር የሚበቃ ነው።

ልዩነቱ ቅሬታው ወዴት እንደሚሄድ ላይ ነው። በአጠገባችን ባለው ሰው ላይ ስናፈሰው፣ የወንበር አስተናጋጁን ስንሳደብ ማጉረምረም ነው። ሊያስተካክለው ለሚችል ሰው በትሕትናና በግልጽ ስንነግረው ግን አገልግሎት ነው። እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን እነሆ፦

1. እውነተኛ ሽያጭ። ትኬት የሚሸጥ ሰው ከዚያ ወንበር የሚታየው ምን እንደሆነ በፎቶግራፍ ያሳይ። እይታው የተጋረደ ከሆነ ይጻፍበት፤ ዋጋውም ይቀነስ። የታችኛው ወንበር መጥፎ ነው አልልም። ከዚያ የልጆቹ ፊት ይታያል፣ የላብ ጠብታው ይታያል፣ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል። ያንን ፈልጎ የሚገዛ አለ። በደሉ ያለው አንዱን ወንበር ሌላ አስመስሎ መሸጥ ላይ ነው።

2. ለቤተሰብ የተጠበቀ ስፍራ። በመካከለኛው ከፍታ ጥቂት ረድፎች ለተጫዋቾች ወላጆች በተመጣጣኝ ዋጋ ቢያዙ፣ በተለይ የመጨረሻ ዓመታቸው ለሆነ ወጣቶች ቤተሰቦች፣ አዘጋጆቹ የሚያጡት ገቢ ትንሽ ነው።

3. የነዳፊዎች ጥንቃቄ። ነዳፊዎች ልምምዱን የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ ከማማ ላይ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ወርደው ከጥጉና ከታች ቢያዩት፣ ግድግዳውን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በማዛወር ብቻ የብዙዎችን እይታ ሊከፍቱ ይችላሉ። ነጥብ የሚሰጠው ዳኛ ላይ ነው፤ ጭብጨባው ግን ከታችም ይመጣል።

የእኛስ ድርሻ?

ምንም ያህል አዘጋጆቹ ቢያስተካክሉ፣ አንድ ሰው ከፊታችን ቢቆም ሁሉም ከንቱ ነው። አንድ ሰው በደስታ ሲነሣ ከኋላው ያለው ለማየት ይነሣል፤ ከዚያም ሦስተኛው። በመጨረሻ ሁሉም ቆመው፣ ከተቀመጡበት ጊዜ አብልጦ ያየ ማንም የለም። ያልቻሉት ብቻ ተቀምጠው ይቀራሉ፤ አረጋውያን፣ ሕፃናትና በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ ናቸው። ስለዚህ መነሣቱን ለመጨረሻው ማስታወሻ እናቆየው። ስልካችንን ከራሳችን በላይ አናንሣ። ዘግይተን ከመጣን ቡድኑ እስኪጨርስ በመተላለፊያው እንጠብቅ። ሰፊ ኮፍያ ካደረግን እናውልቅ። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች እያንዳንዱ የባልንጀራውንም ጥቅም እንዲመለከት ሲጽፍ ስታዲየም አላሰበ ይሆናል፤ ምክሩ ግን እዚያም ይሠራል።

ወገኖች፣ በዚህ ነሐሴ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ትኬት ስትገዙ ለፊት ረድፍ አትቸኩሉ፤ ከፍ ያለውንና ወደ መካከል የቀረበውን ምረጡ። የታችኛው ብቻ ከደረሳችሁ ሙሉውን ሥዕል በኋላ ከላይ በተቀረጸው ቪዲዮ ታዩታላችሁ፤ በዚያ ምሽት የልጃችሁን ፊት ፈልጉ። ልጃችሁን ካያችሁ በኋላም ከኋላችሁ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። የእናንተ ትከሻ የጋረደባት ሌላ እናት ልትኖር ትችላለች።

ጸጋ ይብዛላችሁ።