ሳቁ የት ላይ ነው?

ከሲኒማ ቤት ወጥቶ በደጃፉ ላይ ከጓደኞቹ ጋራ ሲከራከር ያላመሸ ወጣት ማን አለ? አንዱ «ገንዘቤን በከንቱ አጠፋሁ» ይላል፤ ሁለተኛው «እኔስ እንደዚህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም» ብሎ ያደንቃል፤ ሦስተኛው ግን የሁለቱን ፊት ተራ በተራ እየተመለከተ ቆይቶ፣ ድምፁ ወደ በረታው ወገን ያዘነብላል። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለዚሁ ስለ ሦስተኛው ሰው ነው። ሳንደባበቅ እንነጋገርና፣ አብዛኞቻችን እርሱን ነን።

ነገሩን በምሳሌ እንዳስረዳ «ፕሌይ ታይም» የተባለውን የፈረንሳይ ፊልም ልውሰድ። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የፊልሙ ባለቤት ዣክ ታቲ በ1907 የተወለደ ሲሆን፣ በወጣትነቱ የስፖርተኞችን አኳኋን ያለ ቃል እያስመሰለ ሕዝብ ያስቅ ነበር። በ1953 ባወጣው ፊልም ሙሴ ኡሎ የሚባለውን ሰው ፈጠረና ራሱ ሆኖ ተጫወተው። ሙሴ ኡሎ ረጅም ነው፤ ሲራመድ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያጥራል፤ ፒፓው ከአፉ አይለይም። ክፋት የማያውቅ፣ ነገር ግን በደረሰበት ሁሉ ነገር የሚያበላሽ ሰው ነው። ዓለም ወደደው። በ1958 የወጣው «አጎቴ» የተባለው ፊልም ደግሞ ኦስካር አስገኘለት። ታቲም ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያንኑ ኡሎን እያመላለሰ በማሳየት ዕድሜውን በምቾት ሊጨርስ በቻለ ነበር።

እርሱ ግን ይህን አልወደደም። ከ1964 እስከ 1967 ድረስ ደክሞ፣ ከፓሪስ ከተማ ዳር አንዲት ትንሽ ከተማ አሠራ። መንገድ፣ የመኪና መብራት፣ የብረትና የመስተዋት ሕንፃ፣ የራሷም የኤሌክትሪክ ኃይል ነበራት። ሰዎቹ ከስሙ ጋራ አያይዘው «ታቲቪል» አሏት፤ የታቲ ከተማ ማለት ነው። ፊልሙንም ባለ 70 ሚሊሜትር በሆነው ሰፊ ፊልም አነሣው። ገንዘቡ ሲያልቅበት ተበደረ፤ ብድሩም ሲያልቅ የራሱን ሀብት ጨመረበት።

አሁን እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ አንባቢዎቼ ይህን ትዕይንት ልብ በሉልኝ። ሙሴ ኡሎ ጂፋር የሚባል ሹም ለማነጋገር ወደ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ይገባል። ሽማግሌው ዘበኛ ብዙ ቁልፍ ካለበት መሣሪያ ጋራ ታግሎ ባለጉዳይ መምጣቱን ያስታውቃል። ከረጅሙ ኮሪዶር ጫፍ ሹሙ ብቅ ይላል፤ የጫማው ድምፅ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ኡሎ ሊቀበለው ብድግ ሲል ዘበኛው ገና ነው ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ሹሙም ይመጣል፣ ይመጣል፣ አይደርስም። ቆይቶ ኡሎ የሹሙን መልክ በመስተዋት ውስጥ ያይና፣ ሰውዬው ከማዶው ሕንፃ ያለ መስሎት ወደዚያ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሲፈላለጉ ይውላሉ። የሚገናኙት ግን ማታ፣ ሥራ ካበቃ በኋላ፣ በመንገድ ላይ በአጋጣሚ ነው። በኮሪዶር ወንበር ላይ ጉዳዩን ይዞ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ትርጓሜ አያሻውም።

ይህ ፊልም ታኅሣሥ 1967 በፓሪስ ሲታይ ሐያስያኑ ተከፋፈሉ። ያደነቁት ድንቅ ነው አሉ። ያልወደዱት ታሪክ የለውም፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ከ2 ሰዓት በላይ መርዘሙ ያሰለቻል አሉ። ሕዝቡም ቅር ተሰኘ፤ ኡሎን ሊያይ መጥቶ ኡሎን ከሕዝብ መካከል እንደ አንድ ተራ መንገደኛ ሆኖ አገኘው። እንዲያውም በፊልሙ ውስጥ ከሩቅ ኡሎን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎች እየመጡ ተመልካቹን ያሳስቱታል።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናዛባ። ነቃፊዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ያሉትም ሐሰት አይደለም። በእውነትም ፊልሙ እንደ ልማዱ መነሻና መድረሻ ያለው ታሪክ የለውም። የተዋናዮቹን ፊት አቅርቦ አያሳይም። ግን ታቲ ይህን ያደረገው አስቦበት ነው። በዚያ ሰፊ መጋረጃ ላይ በአንድ ጊዜ ሦስትና አራት ቦታ ቀልድ ያኖራል፤ «እዚህ ላይ ሳቁ» ብሎ ግን በጣቱ አያሳይም። ሳቁን ፈልጎ የሚያገኘው ተመልካቹ ራሱ ነው። ነቃፊዎቹ የፈጸሙት ስሕተት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ጨርቅ የሚለካበትን ይዘው እህል ለመስፈር መነሣታቸው ነው።

ምስክርነቴንም ልስጥ። እኔ ራሴ መጀመሪያ ያየሁት በትንሽ ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ከግማሽ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግሥቱም ለጓደኞቼ «የማይረባ ነው» ብዬ በሙሉ አፌ ፈረድሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በትልቅ መጋረጃ ላይ ባየው የምግብ ቤቱ ክፍል በሳቅ ገደለኝ። ሥራው ሳያልቅ የተከፈተ ዘመናዊ ምግብ ቤት ነው። የመስተዋቱ በር ይሰበራል፤ ዘበኛው ግን እጀታውን ብቻ ይዞ፣ በሩ ያለ ይመስል፣ ለእንግዶቹ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንግዶቹም በሌለ በር በክብር ይገባሉ! ቤቱ እየፈረሰ በሄደ ቁጥር፣ እንደ እንጨት ደርቀው የተቀመጡት ሰዎች እየተፍታቱ፣ እየተጫወቱ፣ እየተዋወቁ ይሄዳሉ። ቀዝቃዛ የተባለው ፊልም ሙቀቱን ያስቀመጠው እዚህ ነበር፤ እኔ ግን ተኝቼ አለፈኝ።

በታቲ ላይ የደረሰውን ስነግራችሁ አዝናለሁ። ፊልሙ ያወጣውን ገንዘብ አልመለሰም። ያቺ ከተማ ፈረሰች። ታቲ ለዕዳ ተዳረገ፤ ሌላው ሁሉ ቀርቶ የቀድሞዎቹን ፊልሞቹን መብት እንኳ አጣ። በ1982 ሲሞት ኪሳራው ያስከተለበት ጉዳት ገና አልሻረም ነበር። ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ፊልሙ ታድሶ በካን ፌስቲቫል ታየ። በየ10 ዓመቱ የዓለምን ሐያስያን ድምፅ የሚሰበስበው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ2022 ባወጣው ዝርዝር ከምንጊዜም ታላላቅ ፊልሞች መካከል በ23ኛ ደረጃ አስቀመጠው። መልካም ነው፤ ባለቤቱ ግን አላየውም።

ጥፋቱ የተመልካች ብቻ ነበር አልልም። ታቲም ግትር ነበር፤ ፊልሙ በሰፊው መጋረጃ ካልታየ በማለቱ በብዙ ተራ ሲኒማ ቤቶች እንዳይታይ ራሱ እንቅፋት ሆነ። ደግሞም የተነቀፈ ፊልም ሁሉ የተሰወረ ዕንቍ ነው እንዳትሉብኝ፤ ተነቅፎ የሚገባውን ያገኘም ሞልቷል።

እንግዲህ ወደዚያ ወደ ሦስተኛው ሰው እንመለስ። በሲኒማ ቤት ደጃፍ የሚሠራ ልማድ እዚያው ደጃፍ ላይ አይቀርም። ተማሪው የጓደኛውን ድርሰት ሲሰማ፣ ጸሐፊው የባልደረባውን አዲስ አሳብ ሲያነብ፣ ነገ አለቃ ሲሆንም በበታቹ ሥራ ላይ ሲፈርም፣ ያው ልማድ ይከተለዋል። የሰው ድካም የሚወድቀው ጠላት ስለ በዛበት ብቻ አይደለም፤ ሳይመለከት ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ሲበዛም ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚፈሰው የሌላ ሰው ነው፣ ለቃሚም ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ነገር እንግዳ ሲሆንባችሁ «ይህ ሰው ምን ሊሠራ ፈለገ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጥሎም «የፈለገውን ሠራ ወይ?» በሉ፤ «ወደድሁት ወይ?» የሚለው ሦስተኛ ይሁን። ከሦስቱ በኋላ ብትነቅፉ ነቀፋችሁ የራሳችሁ ነው፤ ማንም አያፍርባችሁም። «ፕሌይ ታይም»ን ያገኛችሁ እንደሆነም በትልቅ መጋረጃ፣ ሳትደክሙ፣ ከመካከሉ ይልቅ ዳር ዳሩን እያያችሁ ተመልከቱት። ከዚያ በኋላ አሰልቺ ነው ካላችሁኝ እከራከራችኋለሁ እንጂ አልቀየማችሁም።