ስለ አዲስ ኮምፒዩተር ጉድለትና ስለ ሻጭ ኀላፊነት

ክረምት በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ ከተማ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጮች ዘንድ የሚሰማ አንድ ምክንያት አለ፤ ይኸውም «ዕቃው ደኅና ነበር፤ ያበላሸው መብራት ነው» የሚለው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ መብራት መቆራረጡ እውነት ስለ ሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ያልፋል። ባለፈው ክረምት በአንድ የቅባት እህል ላኪ ነጋዴ ላይ የደረሰው ነገር ግን ቢመረመር አስመጪንም ባለሱቅንም የሚጠቅም ነው።

ይህ ነጋዴ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ሒሳቡን አጠናቆ ለማዘጋጀት አስቦ አዲስ ኮምፒዩተር ገዛ። ደረሰኝ ተቆረጠለት፤ መኪናው ግን በሱቁ ውስጥ ተከፍቶ አልታየም። ቢሮ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሥራ ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱን እያጠፋ እንደገና ይነሣ ጀመር፤ ተጽፎ ያልተቀመጠው ሒሳብም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ወደ ሱቁ ቢደወል «ባለሙያው ነገ ይመጣል» ተባለ። ነገው ሳምንት ሆነ። በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ በዝናብ ቢወሰድ፣ ባለሙያው ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ «መብራት ነው» ብሎ መለሰው። ነጋዴው በሌላ ሰፈር፣ ከዘመዱ ሱቅ ወስዶ ቢሰካው ጠባዩ ያው ሆነ። ይህንኑ ለሻጩ ቢያስረዳ ሻጩ ወደ አስመጪው ላከው፤ አስመጪው ደግሞ ዋስትናው የፋብሪካው እንጂ የእርሱ አለመሆኑንና ዕቃው በተገዛበት በዱባይ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ገለጠለት። ነጋዴው ግን ገንዘቡን የከፈለው በዱባይ አልነበረም።

በነሐሴ ማለቂያ ሌላ ባለሙያ ቢፈታው የተበላሸው ራም የሚባለው፣ በመዳፍ የሚያዝ የማስታወሻ ክፍል ሆኖ ተገኘ። መለወጡ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበረ። ይህን ክፍል የሚመረምር ፕሮግራም አለ፤ ማታ አስነሥተውት ቢሄዱ ጧት ጉድለቱን ያሳያል። ሻጩ ለምርመራ አንዲት ሌሊት ነፍጎ ገዢውን የሁለት ወር ሥራ አስፈታው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ለራሱና ለቤተ ሰቡ ለሚገዛ ሸማች ደግሞ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በ15 ቀን ውስጥ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ ቀን በሚቈጠርበት ጉዳይ «ነገ» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ነጋዴው በስልክ ብቻ ሲመላለስ ቆይቶ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ አለመስጠቱ የራሱ ስሕተት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ሻጩን ከነቀፌታ አያድነውም። ደግሞስ የክረምት መብራት ኮምፒዩተር የሚያበላሽ መሆኑን ሻጩ የሚያውቅ ከሆነ፣ በሽያጩ ዕለት ተናግሮ ስታቢላይዘር አብሮ መሸጥ ይገባው ነበር እንጂ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ማስታወሱ ምን ይረባል?

የአስመጪውም ችግር አይካድም። ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ የውጭ ምንዛሪም እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን ዕቃ ሲያዝዝ፣ ገንዘቡ ገና በእጁ ሳለ፣ በአዲስ አበባ የሚደርሰውን ጉድለት ማን እንደሚሸከም ከላኪው ጋር በጽሑፍ መዋዋልና ቶሎ የሚበላሹትን መለዋወጫዎች ከጭነቱ ጋር ማስመጣት ይችላል። ባለሱቁም መኪናውን በገዢው ፊት ከፍቶ ቢያሳይና የተበላሸው እስኪጠገን አሮጌም ቢሆን ሌላ ቢያውስ ወጪው ብዙ አይደለም።

ይኸው ነጋዴ ለቅርንጫፍ ቢሮው ሦስት ኮምፒዩተሮች ለመግዛት ቀድሞ አስቦ ነበር። በመስከረም ገዛቸው፤ ከሌላ ሱቅ፣ ሦስቱም ተከፍተው ሲሠሩ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ከተመለከተ በኋላ።